ከማመልከቻው በፊት አንድ ትንሽ ዐውደ ርእይ

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያ ዲግሪዬን በሶሲዮሎጂ ከያዝኩ በኋላ ላለፉት አምስት ዓመታት በአንድ አነስተኛ ጋለሪ በረዳትነት ሠርቻለሁ። ሥዕሎችን እረከባለሁ፣ መግለጫ እጽፋለሁ፣ በመክፈቻው ምሽት እንግዳ እቀበላለሁ፤ የትኛው ሥራ ከየትኛው አጠገብ ይሰቀል የሚለውን ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚወስነው። አሁን ኪዩሬቲንግን፣ ማለትም ሥራዎችን መርጦ ዐውደ ርእይ የማዘጋጀትን ሙያ፣ በሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አስቤ ሁለት ፕሮግራሞችን መርጫለሁ፤ አንደኛው የአንድ ዓመት፣ ሌላው የሁለት ዓመት ነው። ባልደረቦቼ ‹ይህ ሙያ በሥራ እንጂ በክፍል ውስጥ አይለመድም› ይሉኛል። አንድ የማከብራቸው መምህር ደግሞ የሥነ ጥበብ ታሪክ ብማር እንደሚሻለኝ መክረውኛል። የሥነ ጥበብ ዲግሪ ስለሌለኝም እንዳልቀበል እሰጋለሁ። ልማር ወይስ ልተው? ብማርስ የትኛውን?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ልቤን የያዘው ስለ ዲግሪው የጻፉት ሳይሆን «ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚወስነው» የሚለው አነጋገር ነው። የሚፈልጉት የምስክር ወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሴ አጭር ይሆን ነበር፤ እርስዎ ግን የሚፈልጉት የመወሰን ዕድልን፣ ከዚያም ጋር አብሮ የሚመጣውን ተጠያቂነት ነው። ስለዚህ ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገርዎ። ይማሩ፤ ነገር ግን ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት በራስዎ ውሳኔ አንድ ትንሽ ዐውደ ርእይ አዘጋጅተው ይክፈቱ፣ ራስዎም ይዝጉት። ፕሮግራም ሲመርጡ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ስም አይመሩ፤ ተማሪው እውነተኛ ዐውደ ርእይን ከመጀመሪያው ሐሳብ አንሥቶ ሥራዎቹ ወደየባለቤቶቻቸው እስከሚመለሱበት ቀን ድረስ በኃላፊነት ይሠራ እንደሆነ ያጣሩ።

ባልደረቦችዎ የሚሉት ከእውነት የራቀ አይደለም። በዚህ ሙያ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣው ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ሙያውን ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩትም። ሃራልድ ዜማን በስዊዘርላንድ የሚገኘውን የበርን ኩንስትሃለ የተባለ የሥነ ጥበብ ማሳያ አዳራሽ በ1961 እ.ኤ.አ. መምራት ሲጀምር ገና የ28 ዓመት ወጣት ነበር (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ የተማረውም የሥነ ጥበብ ታሪክ፣ አርኪዮሎጂና ጋዜጠኝነት ነበር። በ1969 እዚያው በርን ውስጥ ያዘጋጀው ዐውደ ርእይ፣ ከአርቲስቶቹ ብዙዎቹ ያለቀ ሥራ አምጥተው ከማስቀመጥ ይልቅ እዚያው አዳራሹ ውስጥና ዙሪያውን እየሠሩ ያሳዩበት ስለነበር ከፍተኛ ቁጣ አስነሣ፤ እርሱም ብዙም ሳይቆይ ቦታውን ለቅቆ ከየትኛውም ተቋም ጋር ያልታሰረ የዐውደ ርእይ አዘጋጅ ሆነ፣ በ1972ም በጀርመን ካሰል ከተማ የሚካሄደውን ዶኩሜንታ የተባለ ታላቅ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ለአምስተኛ ጊዜ ሲዘጋጅ መራው። በ2002 አሥራ አንደኛውን ዶኩሜንታ የመራው ኦክዊ ኤንዌዞር ደግሞ የፖለቲካ ሳይንስ የተማረና ግጥም የሚጽፍ ሰው ነበር። በ2008 ዳካር ላይ ሮው ማቴሪያል ካምፓኒ የተባለውን ማዕከል የመሠረተችው ኮዮ ኩዎም የተማረችው የቢዝነስ አስተዳደርና የባንክ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ክርክር አንድ ነገር ይዘነጋል። ዜማን ወጣት በነበረበት ዘመን ልማር ቢልም የሚማርበት ቦታ አልነበረም። በፈረንሳይ ግሬኖብል ለማጋዛን የተባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል የኪዩሬቲንግ ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ1987 ነው፤ በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘው ባርድ ኮሌጅ የኪዩሬቲንግ ጥናት ማዕከሉን በ1990 አቋቋመ፤ የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት በ1992፣ የአምስተርዳሙ የሥነ ጥበብ ማዕከል ደ አፐል በ1994 ተከተሉ። ትምህርቱ ራሱ ከጀመረ ገና አርባ ዓመት ገደማ በመሆኑ፣ ቀደምቶቹ አልተማሩትምና እኛም አያስፈልገንም ማለት ብዙ አያስኬድም። ተምረውት ትልቅ ሥራ የሠሩም አሉ። ቢሲ ሲልቫ በ1996 ከሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት በዚሁ ትምህርት ተመርቃ፣ በ2007 በሌጎስ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል መሠረተች፤ ከ2010 ጀምሮም ለወጣት አርቲስቶችና ኪዩሬተሮች አሲኮ የተባለውን ከአገር አገር የሚዘዋወር ትምህርት ቤት አካሄደች። በ2019 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ በትምህርት ያገኘችውን ለሌሎች የሚደርስበትን መንገድ ስታበጅ ኖራለች፤ እኔ በግሌ ስለዚህ ትምህርት ጥቅም ስጠየቅ መጀመሪያ ትዝ የምትለኝ እርሷ ናት።

በሥራና በትምህርት መካከል ያለውን ልዩነት እኔ እንዲህ ነው የማየው። የሥራ ቦታ የሚያስተምርዎት መሥሪያ ቤትዎ ነገሩን የሚሠራበትን መንገድ ነው። የእርስዎ ጋለሪ ሥዕሎችን በአንድ መስመር የሚሰቅል ከሆነ፣ እርስዎም በአንድ መስመር መስቀልን ይለምዳሉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ያ መስመር የአንድ ሰው ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ተፈጥሯዊ ነገር ሆኖ ይታይዎታል። ጥሩ ትምህርት ቤት ይህን ልማድ ከእጅዎ ቀምቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። የድሮ ዐውደ ርእዮችን ፎቶግራፍ፣ የአዳራሽ ንድፍና የደብዳቤ ልውውጥ እየዘረጋ ይህ ሥራ እዚህ ለምን ቆመ፣ ማን ወሰነ፣ ምን ቀረ እያለ ይጠይቅዎታል። መልስ ሲሰጡም ከሌላ አገርና ከሌላ የትምህርት መስክ የመጡ አምስት ስድስት ጓደኞች ይሞግቱዎታል። ይህንን ሙግት ከሥራ ሰዓት ላይ ቆርሶ የሚሰጥ አሠሪ እኔ አላጋጠመኝም።

ሙግቱ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይዎ። ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ስድስት ሆነን አንድ ዐውደ ርእይ እንድናዘጋጅ ታዘዝን። ከመረጥናቸው ሥራዎች መካከል ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቀይ የበዛበት ሥዕልና ከመጽሐፍ ገጽ የማይበልጥ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነበሩ። ጉዳያቸው አንድ ነው ብለን ጎን ለጎን ሰቀልናቸው፤ ፎቶግራፉ ጠፋ። ራቅ አደረግነው፤ የተረሳ ነገር መሰለ። አንዷ ጓደኛችን መብራት ይጨመርለት አለች፣ ሌላው ከዐውደ ርእዩ ይውጣ አለ፣ እኔ ደግሞ ሥዕሉን እንቀይረው ብዬ ግትር አልኩ። በክርክር ላይ አሥራ አንድ ቀን ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ዝም ብሎ የሰነበተ ልጅ ፎቶግራፉን ይዞ ወጣና ወደ አዳራሹ በሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ብቻውን ደገፈው። ጎብኚው ገና ሳይገባ እርሱ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ዘልቆ ቀዩን ሥዕል ሲያይ ትንሹን ፎቶ በዓይኑ ይዞ ነው። ስለ ሥራዎች ቅርበት ብዙ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ ቅርበት በሴንቲሜትር ብቻ እንደማይለካ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ልብ ይበሉ፤ ያንን ትምህርት ያገኘነው ግድግዳ፣ በጀት፣ እውነተኛ ሥራዎችና የመክፈቻ ቀን ስለተሰጠን ነው። በወረቀት ላይ የቀረ «የዐውደ ርእይ ዕቅድ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ሥራዎች አጠገብ ላጠገብ ጽፈን ጥሩ ውጤት እናገኝ ነበር።

ስለዚህ ፕሮግራሞቹን ሲያነጻጽሩ በድረ ገጻቸው ላይ ከሚያምሩት ቃላት አልፈው ለአስተባባሪዎቹ በቀጥታ ይጻፉ። የመመረቂያ ሥራው ዐውደ ርእይ ነው፣ ጽሑፍ ነው ወይስ ሁለቱም? ዐውደ ርእይ ከሆነ ርዕሱን የሚመርጠው ተማሪው ነው ወይስ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው? በጀቱ ስንት ነው፣ ወጪውን የሚያጸድቀውስ ማን ነው? ለአርቲስቶች ክፍያ ይከፈላል? የውሰት ውሉን የሚያረቅቀው ማን ነው? ሥራዎቹን የሚሰቅሉት የአዳራሹ ቴክኒሻኖች ሲሆኑ ተማሪው አብሮ ይሠራል ወይስ ቆሞ ያያል? የሚያስተምሩት ሰዎች አሁንም ዐውደ ርእይ ያዘጋጃሉ? ዩኒቨርሲቲው ከሙዚየም፣ ከአርካይቭ ወይም ከሥራ ስብስብ ጋር ያለው ግንኙነት በስምምነት ወረቀት ላይ የቀረ ነው ወይስ ተማሪዎች ገብተው ሣጥን የሚከፍቱበት ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ሲልኩ የሚያገኙት መልስ ግልጽነት ራሱ ብዙ ይነግርዎታል። በትክክል የሚሠሩት በትክክል ይመልሳሉ።

አሁን ወደ አንድ ዓመትና ሁለት ዓመት ጉዳይ ልመለስ። በብሪታኒያ የማስተርስ ትምህርት በአብዛኛው አሥራ ሁለት ወር ነው፤ በአሜሪካ ሁለት ዓመት የተለመደ ነው። ባርድ ለምሳሌ የሁለት ዓመት ትምህርት ሲሆን ተማሪዎቹ ለምረቃ የሚያቀርቡት ሥራ እዚያው በማዕከሉ አዳራሽ የሚከፍቱትን ዐውደ ርእይ ይጨምራል። በአንድ ዓመቱ ትምህርት ጊዜው ይሮጣል። ከቦታው ጋር ገና ሳይተዋወቁ ርዕስ ይጠየቃሉ፤ አርቲስቶቹን ማነጋገር በጀመሩ ማግስት የካታሎግ ጽሑፍ ይደርስብዎታል፤ ዐውደ ርእዩን የሚሠሩት አንድ ጊዜ ነው፤ ከስሕተት በኋላ ደግሞ ለመሥራት ቀን አይተርፍም። ብዙ ሰዎች አምስት ዓመት ስለሠሩ አንድ ዓመቱ ይበቃዎታል ይሉዎት ይሆናል። እኔ ተቃራኒውን ነው የማስበው። እጅዎ ሠልጥኗል፤ መረከብ፣ ማሸግ፣ መግለጫ መጻፍ አዲስ አይሆንብዎትም። የጎደለዎት ለማንበብ፣ በብዙ ዐውደ ርእዮች ውስጥ ቀስ ብሎ ለመመላለስና የራስዎን ውሳኔ ተሳስቶ ለማየት የሚሆን ጊዜ ነው። ያንን የሚሰጠው ሁለት ዓመቱ ነው። ይህን የምለው ግን ሁለት ሁኔታዎች ከተሟሉ ነው፤ የሁለተኛው ዓመት ወጪ በስኮላርሺፕ ወይም በሌላ አስተማማኝ ድጋፍ የሚሸፈን ከሆነ፣ እንዲሁም በሁለተኛው ዓመት እውነተኛ ዐውደ ርእይ የሚሠራ ከሆነ። የሁለት ዓመቱ ፕሮግራም በጽሑፍ ብቻ የሚያስመርቅ፣ የአንድ ዓመቱ ደግሞ አዳራሽ የሚሰጥ ከሆነ ሳያመነቱ ወደ አንድ ዓመቱ ይሂዱ። በብድር ሁለት ዓመት መማርን ግን አልመክርም፤ የዚህ ሙያ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገቢ ዕዳ ለመክፈል የሚመች አይደለም።

መምህርዎ የሥነ ጥበብ ታሪክን የመከሩዎት ያለ ምክንያት አይደለም። ፍላጎትዎ በትልቅ ሙዚየም ውስጥ አንድን የሥራ ስብስብ፣ ለምሳሌ የአንድን ዘመን የእጅ ጽሑፎች ወይም ጨርቃ ጨርቆች፣ ተረክቦ ማጥናትና መጠበቅ ከሆነ እርሳቸው ትክክል ናቸው። እዚያ የሚፈለገው በአንድ መስክ የጠለቀ ዕውቀት ነው፤ ብዙ ሙዚየሞችም ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ የዶክትሬት ዲግሪ ያለውን ያስቀድማሉ። በሕይወት ካሉ አርቲስቶች ጋር፣ በየጊዜው በሚለዋወጡ ዐውደ ርእዮች ላይ መሥራት ከፈለጉ ግን የኪዩሬቲንግ ትምህርት ይሻልዎታል። ደብዳቤዎ የሚናገረው ሁለተኛውን ነው።

ሙዚየሙን ካነሣሁ አይቀር ብዙ አመልካቾች ችላ የሚሉትን አንድ የሙያው ገጽታ ላንሣ። ኪዩሬተር የሚለው ቃል የመጣው መንከባከብ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ ነው፤ ሥራው ዛሬም ከዚህ ትርጉም አልራቀም። ውኃ ቀለም፣ በወረቀት ላይ የተሠራ ንድፍና ጨርቅ ሲታዩ በአብዛኛው የብርሃኑ መጠን ከ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ይደረጋል፤ ለዘይት ቀለም ሥዕል 200 ሉክስ ያህል ይፈቀዳል። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት ተመልሶ አይድንም፣ ደግሞም ይጠራቀማል፤ በ50 ሉክስ ለ100 ሰዓት የቆየ ወረቀትና በ100 ሉክስ ለ50 ሰዓት የቆየ ወረቀት የጠጡት ብርሃን እኩል ነው። ስለዚህ ዐውደ ርእይዎ በአንድ ወር ሲራዘም ደስ የሚልዎትን ያህል፣ የተዋሱት ንድፍ በዚያ ወር ውስጥ ስንት ሰዓት ብርሃን እንደሚያገኝ ማስላት የእርስዎ ግዴታ ነው።

ይህንን ቸል ማለት የሚያስከፍለውን እኔ በራሴ ላይ አይቻለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከአንድ ግለሰብ በወረቀት ላይ የተሠራ ንድፍ ተዋስን። ሥራው ሲመጣ ያለበትን ሁኔታ የሚመዘግበውን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነበርኩ፤ የመክፈቻው ቀን ስለደረሰ ከሣጥኑ ሳወጣው አየት አድርጌ «ደህና» ብዬ ፈረምኩ። ስንመልሰው ባለቤቱ በታችኛው የቀኝ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል የታጠፈ መስመር አሳዩኝ። እኛ ጋ የተጎዳ ይሁን፣ ቀድሞም የነበረ ይሁን፣ እኔም አላውቅም፣ ቅጹም አይናገርም። የጥገናውን ወጪ እኛ ከፈልን፤ ከገንዘቡ ይልቅ ግን እስከ ዛሬ የሚከብደኝ ባለቤቱ ንድፉን ዳግመኛ ለማንም አለማዋሳቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሥራ ስረከብ የእጅ ባትሪ ከጎን አስጠግቼ አበራለሁ፤ ብርሃኑ ወደ ገጹ አግድም ሲወድቅ እጥፋቱም፣ እብጠቱም፣ የተላጠውም ቀለም ጥላ ጥሎ ይታያል፤ እያንዳንዱን በፎቶግራፍና በጽሑፍ እይዛለሁ። ይህን ተማሪዎቹን ከአንድ የጥገና ባለሙያ አጠገብ አስቀምጦ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት የሚያስተምር ፕሮግራም ካገኙ በእኔ ሚዛን ሁለት የቲዎሪ ኮርስ ያህል ይመዝናል።

የሥነ ጥበብ ዲግሪ ስለሌለዎት መሥጋትዎን በተመለከተ፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን ሰዎች ትምህርት ያስታውሱ። አብዛኞቹ የኪዩሬቲንግ ፕሮግራሞች ከተለያየ መስክ የመጡ አመልካቾችን ይቀበላሉ፤ መራጮቹ የሚፈልጉት ያ ሰው ይዞት የሚመጣውን ጥያቄ ነው። እርስዎ ደግሞ ሰዎች በአንድ ቦታ ምን እንደሚያደርጉ በሥርዓት መመልከትን ተምረዋል። ይህን ችሎታዎን ለአንድ ሳምንት ይጠቀሙበት። በምትሠሩበት ጋለሪ ጥግ ላይ ማስታወሻ ደብተር ይዘው ይቀመጡ፤ ጎብኚው መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነው፣ መግለጫውን የሚያነበው ሥዕሉን ከማየቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ የትኛው ሥራ ፊት ቆሞ የትኛውን አልፎት ይሄዳል፣ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረው የት ላይ ሲደርስ ነው? ሳምንቱ ሲያልቅ ከማስታወሻው ውስጥ አንድ የሚከነክንዎት ነገር አያጡም። የማመልከቻዎ ደብዳቤ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የብዙ አመልካቾችን ደብዳቤ የማንበብ ዕድል ስለነበረኝ ይህን በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሥነ ጥበብ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» የሚል መግቢያ ፍቅሩ እውነት ቢሆንም እንኳ ለአንባቢው የሚነግረው ነገር የለም። በምትኩ እንዲህ ቢሉስ፦ «በምሠራበት ጋለሪ ጎብኚዎች ዓይናቸውን ከመግለጫው ወደ ሥዕሉ፣ ከሥዕሉ ወደ መግለጫው ሲያመላልሱ ለአንድ ሳምንት ተከታተልኩ፤ መግለጫ ባልነበረበት በአንዱ ግድግዳ ፊት ግን ሰዎች ጎናቸው ካለው ሰው ጋር ማውራት ጀመሩ። ጽሑፍ በዐውደ ርእይ ውስጥ መቼ ይረዳል፣ መቼስ ወሬን ይቆርጣል የሚለውን ማጥናት እፈልጋለሁ።» እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው የሥነ ጥበብ ዲግሪ የለውም ብሎ ወረቀቱን የሚያስቀምጥ መራጭ እምብዛም አላየሁም። ቃላቱን ግን ከእኔ አይውሰዱ፤ ከራስዎ ማስታወሻ ይውሰዱ። ጥያቄው የእርስዎ ካልሆነ በቃለ መጠይቁ ላይ በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል።

አሁን ወደ ትንሹ ዐውደ ርእይ። በሁለት ዐውደ ርእዮች መካከል የጋለሪያችሁ ግድግዳ ባዶ የሚሆንባቸው ቀናት እንዳሉ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ኃላፊዎን ቀርበው ከእነዚያ ቀናት አሥሩን ይጠይቁ፤ ካልተፈቀደ የቤተ መጻሕፍት ኮሪደር ወይም የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃል። ሦስት አርቲስቶች፣ ቢበዛ ስድስት ሥራዎች ይኑርዎት። ብዛት ይፈትናል፤ ገና ለጀመረ ሰው ግን ስድስት ሥራ ብዙ ነው፣ የእያንዳንዱን ቦታ ምክንያት ሰጥተው መከላከል አለብዎትና። ሐሳቡን በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ በአንድ ገጽ ካልተጻፈ ገና አልበሰለም ማለት ነው። ከአርቲስቶቹ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ፤ ሥራው ከየት ቀን እስከ የት ቀን እንደሚቆይ፣ የማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል፣ ጉዳት ቢደርስ ምን እንደሚደረግ ይስፈር። የጓደኛዎ ሥራ ከሐሳቡ ጋር የማይሄድ ከሆነ በትሕትና «ለዚህ አይሆንም» ይበሉት። ያንን ቃል መናገር የሚከብደውን ያህል የሚያስተምር ነገር የለም።

ስቀላውን ራስዎ ይሥሩት። ሜትር፣ እርሳስና ውሃ ልክ ይያዙ። የሥዕሎቹን መሐል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ለማዋል ወስነዋል እንበል። ሥዕሉ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግማሹ 40 ነው፤ ከኋላው ያለው ሽቦ ወደ ላይ ሲወጠር ከፍሬሙ ጫፍ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ምስማሩ የሚመታው ከወለሉ 184 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሥዕሉ ሲሰቀል ግን ስሕተት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ይሆናል፣ ወይም የሥዕሉ ክብደት ከታች በኩል ይሆናል፣ ወይም ጎኑ ያለው በር ዓይንን ይስባል። ያን ጊዜ ቁጥሩን ትተው ዓይንዎን ሲያምኑ፣ ምስማሩን ነቅለው ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲያደርጉ፣ ደብዳቤዎ ላይ የተመኙትን ውሳኔ እየወሰኑ ነው።

መግለጫዎቹን ከ80 ቃል አያስበልጡ፤ ጽፈው ሲጨርሱም ጎብኚው ሥዕሉን አይቶ የሚያውቀውን ነገር የሚደግመውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ያውጡ። ባዶውን ክፍል፣ የተሰቀለውን ክፍልና ሰው የሞላበትን ክፍል ከተመሳሳይ ቦታ ሆነው ፎቶ ያንሡ። የከሸፈውንም ይመዝግቡ። ከተዘጋ በኋላ ሥራዎቹን አሽገው ለባለቤቶቻቸው በፊርማ ያስረክቡና፣ ያሰቡትና የሆነው የት ላይ እንደተለያዩ ሁለት ገጽ ይጻፉ። ይህ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፎቹና የመጀመሪያው አንድ ገጽ ተደምረው ፖርትፎሊዮዎ ናቸው። ጥቅሙ ለማመልከቻው ብቻ አይደለም፤ በመካከሉ ሥራው እንደማይሆንዎት ከተረዱ የሁለት ዓመት ዕድሜና ብዙ ገንዘብ ተረፈዎት ማለት ነው።

ስለ ሥራ ዕድል ባይጠይቁኝም በአጭሩ ልናገር። ከተመረቁ በኋላ ብዙዎቹ የሚጀምሩት በረዳትነት ወይም ከአንዱ ፕሮጀክት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ነው፤ ቋሚ ቦታ ጥቂት ነው። አሁን ካለው አሠሪዎ ጋር በሰላም ይለያዩ፣ ቢቻል በፈቃድ ይውጡ።

የዘንድሮው ማመልከቻ ጊዜ ቢያልፍብዎትም አይቆጩ፤ ዐውደ ርእዩን ሠርተው በሚቀጥለው ዓመት ቢያመለክቱ ይሻላል። እስከዚያው ከሁለቱም ፕሮግራሞች በቅርብ ዓመታት የተመረቁ ሁለት ሁለት ሰዎች ፈልገው ይጻፉላቸው። ትምህርቱ ጥሩ ነበር ወይ ብለው አይጠይቋቸው፤ ሁሉም ጥሩ ነበር ይላል። «በመመረቂያ ዐውደ ርእይህ ወይም ዐውደ ርእይሽ ውስጥ ያለ ማንም ፈቃድ ብቻችሁን የወሰናችሁት ነገር ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። አንዱ ግድግዳውን፣ መብራቱን ወይም የተወውን ሥዕል ጠቅሶ ረጅም መልስ ከጻፈልዎት፣ የዚያን ትምህርት ቤት ማመልከቻ አስቀድመው ይሙሉ።